የጉና ገብስና የአንበሳሜ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ላይ ለወጣት ተመራማሪዎች ልምድሽን አካፍይ ተብዬ ሄጄ ነበር። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ኃላፊዎች ጥናታችንን እንዲሰሙን ምን እናድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። አፌን ሳልከፍት አቶ ሞላ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ትምህርቴን እንደጨረስኩ ሰሞን ነው። ጉና ላይ ስለ ገብስ ምርጥ ዘር አጠና ነበር። በጋውን በሙሉ በእግርና በበቅሎ አቀበት ቁልቁለቱን ስል ከረምኩ። የጉና ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ግን የገባሁበት ቤት ሁሉ እሳት ዳር አስጠግቶ ትኩስ ድንች ያቀርብልኛል። ጣዕሙ እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለ። የገበሬው ብሶት አንድ ነበር፤ ምርጥ ዘሩ የሚደርሰው የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው ወይዘሮ ጥሩ፣ «የአምና ገብሴን ውርጭ መታው፤ ለዘር እንኳ አልተረፈኝም። ዘንድሮ ከዘገየብኝ መሬቴ ጦም ማደሩ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ሚያዝያ ላይ ጥናቴን እንዳቀርብ ስብሰባ ተጠራ። ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ላይ ደራርቤ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ አወራሁ። ዘር ማከፋፈሉን የሚመሩት አቶ ሞላ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ድካምሽ ይታያል። እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። አንገቴን ደፍቼ ስወጣ በር ላይ ጠብቀው፣ «ሐሙስ ወደ አንበሳሜ እወርዳለሁ፤ አብረሽኝ ነይ። እስከዚያ የዘሩ መኪና ጉና የሚዘገየው ለምን እንደሆነ አጣሪ» አሉኝ።

የመጋዘኑን ሠራተኛ፣ ሾፌሮቹን፣ የወረዳ ባለሙያዎቹን ጠየቅሁ። ለካ ቀድሞ የሚጫነው መንገዱ ለቀናው ለቆላው ነው። የጉና ተራ እስኪደርስ ዝናቡ ይጥልና መንገዱ ጭቃ ይሆናል።

ሐሙስ፣ አቧራው በመኪናው መስኮት እየገባ፣ «ጉናን ያስቀድሙ። ዝናብ ሳይጥል ይጫንለት። የምጠይቀው ይኸንን ብቻ ነው» አልኳቸው።

«ቆላዎቹ ቢያኮርፉስ?»

«ገበያ ሲወጡ ጠብቄ አነጋግሬያቸዋለሁ። እነሱ ዘግይተው ስለሚዘሩ ግድ የለንም ብለዋል።»

አንበሳሜ ገበያው ዳር ሽሮ አዘን እጃችንን ስንታጠብ ነው፣ «ይኸንን ባጭሩ በአማርኛ ጻፊልኝ። ሰኞ ስብሰባ አለን፤ አንቺው ታስረጃለሽ» ያሉኝ። ያን ሽሮ ምን ያህል እንደበላሁ እግዜር ይወቅ።

ሰኞ ንግግሬ የቀረበልን ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ። ያጉረመረመ አልጠፋም፤ አቶ ሞላ ግን ወሰኑ። ግንቦት ሳይጋመስ ዘሩ ጉና ወጣ። አንድ ቀበሌ መንገዱ ተንዶበት ሳይደርሰው ቀረ፤ ይቆጨኛል። የወይዘሮ ጥሩን ማሳ ግን ወንድማቸው በሬ ጠምዶ ሲዘራው፣ እሳቸውም ከኋላ እየተከተሉ ጓል ሲከሰክሱ ቆሜ አየሁ።

ለጠየቀችኝ ልጅ የማውቀውን ነገርኳት። የሚወስነው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ቀድመሽ እወቂ፤ ውሳኔው የሚከፋውንም ሰው አነጋግሪ አልኳት። አቶ ሞላ ካረፉ ቆይተዋል። ያን ቀን ከሰው ጋር አብረው ቢስቁብኝ ኖሮ፣ ጥናቴን መደርደሪያ ላይ ጥዬ ሌላ እንጀራ ፈልጌ ነበር። ለአንዲት ጀማሪ መኪናቸው ላይ ቦታ ሰጧት፤ እኔም ይኸው እስከ ዛሬ በዚሁ ሥራ ላይ አለሁ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ።