ጠበል የተረጨችው ክፍል

ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ ሦስት የሚከራዩ ክፍሎች ለመሥራት እኔና ባለቤቴ አራት ዓመት ለፋን። እኔ ከማስተማር ስመለስ ጭቃ አቦካለሁ፤ እሷ ውኃ ታመላልሳለች። ቤቱ አልቆ ግን ስድስት ወር ሙሉ ተከራይ ጠፋ። ባለቤቴ «የእኛን ድርሻ ሠርተናል፤ የቀረው የእግዚአብሔር ነው» አለችና የንስሐ አባታችን መጥተው ጠበል እንዲረጩልን ለመነቻቸው።

ቄሱ መጡ። ሁለቱን ክፍሎች ቶሎ ጸልየው፣ ረጭተው ወጡ። ሦስተኛዋ ላይ ግን ቆዩ። ግድግዳውን በመቋሚያቸው መታ መታ አደረጉ፤ ጣሪያውን አንጋጠው አዩ፤ መስኮቱን ከፍተው ዘጉ። ባለቤቴ ክንዴን ጨበጠችኝ። ርኩስ መንፈስ ያገኙ መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ።

«አባታችን፣ የሚታይዎት ነገር አለ?» አልኳቸው እየፈራሁ።

«ዝናብ ያስገባል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ጎረቤቱስ ጸጥተኛ ነው?»

«አዎ አባ፣ ምነው?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ጸሎታችሁ ተሰምቷል። ተከራይ ተገኝቷል።»

ባለቤቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም በደስታ መስቀላቸውን ተሳልሜ «ማን ነው አባ?» አልኩ።

«እኔ ነኛ! አከራዬ ልጁን ሊድርበት ነውና ቤቱን ልቀቁ ብሎኛል። መቼ ልግባ?»