ጥቁሩ ቦቄ እና የእኔ አፍ

ሰብሪያ እባላለሁ። ኮልፌ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ሰፈሩ አፌን ይፈራል፣ እውነቱን ነው። ዛሬ የማወራው አፌ ስላመጣብኝ ጣጣ ነው።

ልጅ ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን የሚመጣ የካርቱን ፊልም ነበር፤ ቦቄ ይባላል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ኮፍያ የደፋ አህያ ነው። የልጆችን ቦርሳ ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ሲያናፋ ልጅ ሁሉ በሳቅ ይሞታል። ዕድሜዬ ለአርባ አንድ ፈሪ ሆኖም አልለቀቀኝም። በቴሌግራም የቦቄ ወዳጆች ግሩፕ ከፍቼ ስድስት ሺህ ሰው ሰብስቤያለሁ። የስልኬ ጥሪ ሳይቀር የቦቄ ድምፅ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሲጮህ ሰው ዞሮ ያየኛል።

ባለፈው ዓመት «ጥቁሩ ቦቄ» የሚል የኮሚክ መጽሐፍ ወጣ። አንድ አባል ሦስት ገጽ ፎቶ አንስቶ ግሩፑ ላይ ለጠፈው። ያ አላህ! የእኛ ቦቄ ከአናቱ እስከ ሰኮናው ጠቁሯል፣ ቁመቱ ጣሪያ ይነካል፣ ጥርሱ መጋዝ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ልጆች ይጮኻሉ፣ እሱ ከላያቸው ቆሞ አፉን ከፍቷል። ግሩፑ ተተራመሰ። አንዱ «ልጅነቴን ቀበሩት» አለ። አንዷ «ለልጄ ላሳያት ነበር፣ አሁን በምን ዓይኔ!» ብላ የሚያለቅሱ ፊቶች ደረደረች። «ሥዕሉ ግን ያምራል» ያለ አንድ ምስኪን ነበር፤ ተረባረቡበት፣ እኔም ከግሩፑ አስወጣሁት።

ከዚያ የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ለቀቅኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር። «ይህን የሳለው አሳዳጊ የበደለው ነው» አልኩ። «ቦቄን በዓይኑ ያላየ ሰው ነው! ልጅነት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። መጽሐፉ ከየመደብሩ ይነሳልን!» ስምንት መቶ የልብ ምልክት ተደረደረልኝ። አባላቱ መጽሐፍ ሻጮችን በስልክ ሲጨቀጭቁ ስለሰነበቱ ሁለት መደብሮች መጽሐፉን ከመደርደሪያ አነሱት። የምረቃ ፕሮግራሙም ተሰረዘ፤ አዳራሹን የፈቀዱት ሰዎች ጸብ ፈሩ። እኔ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ለራሴ ለስላሳ ጋበዝኩ። ወላሂ፣ ለስላሳ!

ሌሊሴ የምትባል ደንበኛ አለችኝ። ቀሚስ ልታስጠብብ መጥታ መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገችው።

«አንብበሽዋል?»

«ምኑን አነበዋለሁ? አይቼዋለሁ።»

«ሦስት ገጽ አይተሽ ነው ሰው የሰደብሽው? ኧረ ሰብሪዬ፣ ነውር ነው።»

ተናድጄ ገለጥኩት፣ ስህተት ላወጣለት። ስምንተኛው ገጽ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለ። በሩ ላይ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ማስመሪያ ይዛ ቆማለች። ልጆች ተሰልፈው ባዶ እግራቸውን ያሳዩዋታል። «እግር!» ትላለች። በሩ የእኛ ቤት በር ነው፤ ልጅቷ እኔ ነኝ።

ያኔ በመንደሩ ቴሌቪዥን ያለው እኛ ቤት ብቻ ነበር። እናቴ ለምንጣፏ ስለምትሳሳ «እግሩን ያልታጠበ አይግባ» ትል ነበር። በር ላይ ቁሚ ያለኝ ግን የለም፤ ማስመሪያውን ከአባቴ ሱቅ አንስቼ ራሴን የሾምኩት እኔው ነኝ። የታጠበውን አስገባለሁ፣ ያልታጠበውን ቁርጭምጭሚቱን መታ አድርጌ ወደ ቧንቧው እመልሰዋለሁ። ያልወደድኩትን ደግሞ ታጥቦ ቢመጣም እመልሰዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ይኸው፣ ተናገርኩት።

በሥዕሉ ላይ ልጅቷ አንዱን ትንሽዬ ልጅ «አንተ ብትታጠብም ትሸታለህ» ትለዋለች። ይህን ማለቴ ትዝ አይለኝም። ግን አነጋገሩ የእኔ ነው፤ ራሴን እንዴት አጣለሁ?

ሽፋኑ ላይ ራዕይ የሚል ስም አለ። ከግቢያችን ጀርባ ይኖሩ የነበሩት የጴንጤዎቹ ልጅ! አራት ደቂቃ ሙሉ ስሰድባት የማን ሥራ እንደሆነ እንኳ አላየሁም ነበር። መጽሐፉ ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ። «ሳንሱሲ ሰፈር ነኝ፣ ነይ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በሩን ስትከፍትልኝ ሰላም እንኳ ሳልላት «ራዕይ፣ ያኔ በር ላይ ስለመለስኩሽ ይቅር በይኝ» አልኩ።

«እኔን መልሰሽኝ አታውቂም» አለች። «እኔ እገባ ነበር። የምትመልሺው ታናሽ ወንድሜን ክብሮምን ነው።»

መልኩን ባስብ ባስብ አልመጣልኝም። ራዕይ አስቀመጠችኝና ነገረችኝ። የክብሮም የላስቲክ ጫማ እግሩን ልጦት ቁስሉ ይመግል ነበር፤ ይሸታል ያልኩት ቁስሉን ነው። እሷ ስትገባ እሱ ከመስኮታችን ስር ይቀመጣል። ፊልሙን አያየውም፣ ይሰማዋል። መጀመሪያ አህያው ያናፋል፣ ከዚያ ልጆች ይጮኻሉ። እኛ እየሳቅን ነው፤ እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ነው፣ አውሬ የሚበላን ይመስለዋል።

«ስወጣ እጄን አገላብጦ እያየ ‹አልነከሰሽም?› ይለኝ ነበር» አለች። «እኔም ላሾፍበት ‹ነክሶኛል› እለዋለሁ። መጽሐፉ ላይ ያለው እሱ በልቡ ያየው ቦቄ ነው። ቁመቱን፣ ጥርሱን፣ ሁሉንም እሱ ነው የነገረኝ።»

«የእኔን መልእክት ሰምቶታል?»

«ሰምቶታል። ‹ቦቄን በዓይኑ ያላየ› ያልሽው ጋ ሲደርስ ሳቀ። ‹ልክ ናት› አለ።»

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ መልእክቱን አጠፋሁና ሌላ ቀዳሁ። በር ላይ የቆመችው ልጅ እኔ ነኝ፣ መጽሐፉን ሳላነብ ነው ያስነሳሁት፣ ለሻጮቹ ደውላችሁ ይመልሱት በሏቸው አልኩ። ደቂቃ ሳይሞላ ልቡ ይጎርፍ ጀመር። «ሰብሪያ ጀግና!» «እንዲህ ነው እንጂ ትልቅ ሰው!» ራሴን ጠላሁት። ስልኩን ዘጋሁ።

«ከእኔ ጋር ጨርሰሻል» አለች ራዕይ። «እሱ ጋ ሂጂ።»

ክብሮም አስኮ ሰፈር ውስጥ በርና መስኮት ይበይዳል። የብየዳ መነፅሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ፤ ግዙፍ ሰውዬ ሆኗል። ሳላስበው ዓይኔ ወደ እግሩ ሄደ። ማየቴን አየ። በአፈርኩት ላይ አፈርኩ።

«ሰብሪያ ነኝ» አልኩት።

«አወቅኩሽ፣ በድምፅሽ።»

ይዤው የመጣሁትን ይቅርታ አወረድኩት። እየተንተባተብኩ፣ እያለቀስኩ፣ ሠራተኞቹ እያዩኝ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን «ተይው ባክሽ፣ ልጆች ነበርን» ብሎ በርጩማ በጨርቅ ጠርጎ አቀረበልኝ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀው።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ራዕይ ታሾፋለች፣ አላምናትም። የፊልሙ የመጨረሻ ቅዳሜ ላይ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ጸጥ አላችሁ። ከዚያ በኋላ ድምፅ አልነበረም። ቦቄ ምን ሆኖ ነው?»

ሠላሳ ምናምን ዓመት! «ፊልሙ ላይ ትምህርት ቤት ለክረምት ተዘጋ» አልኩት። «ቦቄም ቦርሳውን ሁሉ አድርሶ ሜዳው ላይ እንቅልፍ ወሰደው። እንዳይነቃ ብለን ነው ዝም ያልነው።»

«ተኝቶ ነው?»

«ተኝቶ ነው።»

ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞላ። «እኔ እኮ ዝም ስትሉ አውሬው በልቶ የጨረሳችሁ መስሎኝ ነበር። ራዕይን ላወጣት ሮጬ በሩን ደበደብኩት። አንቺ ነሽ የከፈትሽልኝ።»

«ምን አልኩህ?»

«ምንም። አየሽኝና ዘጋሽው።»

«አላስታውስም፣ ክብሮም» አልኩት፣ አንገቴን ደፍቼ።

«ግድ የለም» አለኝ። «እኔ አስታውሳለሁ።»