አገጩ የሚከፈት ሄልሜት

እንደተመረቅኩ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ ጥራት ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጠረኝ። ሥራዬ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያሉትን የወተት ማሰባሰቢያዎች በሞተር እየዞርኩ፣ ገበሬው ያመጣው ወተት ውሃ ያልገባበት መሆኑን መለካት ነበር። ሞተሩን መሥሪያ ቤቱ ሰጠኝ። ሄልሜት ግን ራስሽ ግዢ አሉኝ።

አባቴ ይሄን ሲሰማ የታች ጥርሱን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ወጣት እያለ ለወባ መከላከል ሥራ በሞተር ገጠር ለገጠር ይዞር ነበር። አንድ ቀን ኮረት ላይ ተንሸራቶ በአገጩ አረፈ። ያኔ ያደረገው ሄልሜት ፊቱ ክፍት ስለነበር የራሱ ጥርሶች እዚያው መንገድ ላይ ቀሩ።

«ፊትሽን ሙሉ የሚሸፍነውን ትገዢያለሽ፤ አለዚያ የሞተሩን ቁልፍ ትመልሻለሽ» አለኝ።

ያለ ጥርስ ሲቆጣ ሳቄ ይመጣል። ግን ቀልድ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሥራውን ለማግኘት ስንት በር እንዳንኳኳሁ ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው።

መርካቶ የሞተር እቃ የሚሸጥ ሱቅ አብረን ሄድን። ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣልን። አንደኛው ፉል ፌስ ነው፤ አንድ ወጥ፣ ከአናት እስከ አገጭ የሚሸፍን፣ መስታወቱ ብቻ የሚነሳ። ሁለተኛው ሲዘጋ ያንኑ ይመስላል፤ አገጩ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ስትጫኑ ግን የፊቱ ክፍል በሙሉ ወደ ላይ ይነሳል። ሞጁላር ይሉታል። እኔ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። አባቴ መታጠፊያውን ነካ ነካ አደረገና «ይሄ አንዴ ቢመታ ተገንጥሎ ይቀራል» ብሎ መለሰለት። ፉል ፌሱን ገዛን።

መንገድ ላይ በእርግጥ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ስቆም ነው። ሱሉልታ አንድ ማሰባሰቢያ ደርሰሽ፣ ተሰልፈው የሚጠብቁሽን እናቶች ፊትሽን ሸፍነሽ ሰላም ልትያቸው አትችይም፤ ነውር ነው። ጓንቴን አውልቄ፣ የአገጩን ማሰሪያ ፈትቼ፣ ለሹሩባዬና ለጆሮ ጌጤ እየተጠነቀቅኩ እጎትተዋለሁ። አንዴ አንዷ እናት ጄሪካናቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩኝ ቆይተው «የኔ ልጅ፣ አንቺ አውልቀሽ እስክትጨርሺ ወተቴ እርጎ ይሆናል» አሉኝ።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። አዲስ አበባ ወደ እኛ ልትሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊሄድ ነው ተባለ። ሰልፍ ሆነ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ጎማ ተቃጠለ። ዛሬ የተከፈተው መንገድ ነገ ይዘጋል። ፊቱን የሸፈነ ሰው በሁለቱም በኩል ችግር ነው። ፌደራሎቹ ድንጋይ ወርዋሪ ይሉታል፣ መንገድ የሚዘጉት ልጆች ደህንነት ይሉታል። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሸፍኜ በሁለቱም መሀል አልፋለሁ።

አንድ ቀን ሱሉልታ፣ ወደ ማሰባሰቢያው በሚያስገባው መንገድ ላይ የባህር ዛፍ ግንድ ተጋድሞ አገኘሁ። ከኋላው ልጆች ቆመዋል፤ ድንጋይ ይዘዋል። ሞተሩን አቆምኩ።

«ፉላ ኬ አጋርሲሲ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ፊትህን አሳይ ነው።

በጃኬትና በሱሪ ወንድ መስያቸዋለሁ። ቡራዩ ስላደግኩ ኦሮምኛ እችላለሁ። «የወተት ሠራተኛ ነኝ!» ብዬ በኦሮምኛ መለስኩ። ጩኸቴ የራሴን ጆሮ አደነቆረው እንጂ እነሱ ጋ የደረሰው ጉርምርምታ ብቻ ነው።

«ምንድነው የሚለው?»

«ደህንነት ነው ባክህ!»

ማሰሪያውን ለመፍታት እጄን ሳነሳ ድንጋይ የያዘው እጅ ሁሉ አብሮኝ ተነሳ። እጄን አየር ላይ ተውኩት። ከዚያ በጣም ቀስ ብዬ ጓንቴን አወለቅኩ፣ ማሰሪያውን ፈታሁ። በድንጋጤ ስጎትተው ሄልሜቱ የጆሮ ጌጤን ይዞት ወጣ። እንባዬ መጣ፤ ከህመሙ ነው፣ ከፍርሃቱም ነው።

ድንጋይ የያዙት እጆች ወረዱ። ከዚያ ቀይ ሹራብ የለበሰ አንድ ረጅም ልጅ «ኢንተለ አናኒ! የወተቷ ልጅ እኮ ናት!» አለ።

ተመስገን ልል ስል ቀጠለ። «እናቴን ወተትሽ ውሃ አለው ብላ የመለሰቻት እሷ ናት!»

ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ዝም ማለት አልችልበትም።

«አለው እኮ! መለኪያው ሲያሳይ እሳቸውም አይተዋል።»

«እናቴ ውሸታም ናት እያልሽኝ ነው?»

«እናትህን አልነካሁም። ወተቱን ነው ያልኩት።»

ጓደኞቹ ሳቁበት። «አንተ፣ እሱን እየጠጣህ ነው እንዴ ያደግከው? ለዚህ ነዋ እንዲህ የቀጠንከው!» አለው አንዱ። ልጁ ሊቆጣ ፈልጎ እሱንም ሳቁ አሸነፈው። ግንዱን ወደ ጎን ገፉልኝ። የጆሮ ጌጤን ኪሴ ከትቼ ወደ ማሰባሰቢያው ነዳሁ።

ማታ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። «የሚከፈተውን እገዛለሁ» አልኩ።

«ጥርስሽስ?»

«አባዬ፣ ዛሬ ያ ድንጋይ ቢወረወር ጥርስ ብቻ ነበር የሚሄደው?»

«እንግዲያው ሥራውን ተዪው።»

«ትቼ ምን ልሁን? ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ካንተ ጋር ድራማ ልይ?»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። መንገዱ ሲከፈት ጠብቆ ግን ጃኬቱን ለብሶ ሱቁ ድረስ መጣ። የሞጁላሩን አገጭ ከፈተ፣ ዘጋ፣ አሁንም ከፈተ። መቆለፊያው ብረት ይሁን ፕላስቲክ በጥፍሩ ፈተሸ። ራሱ ላይ አጥልቆ አንገቱን ወዘወዘና «ይከብዳል» አለ።

«ይከብዳል አባት» አለ ሻጩ። «ነፋሱም ይጮሃል። ግጭት ላይ ደግሞ አንድ ወጡ ይሻላል፤ ምን ብዬ እዋሽዎታለሁ?»

ይሄ መልስ አባቴን አለሰለሰው። መቆለፊያው ብረት የሆነውን መርጦ ሰጠኝ። «ሞተሩ ሲቆም ክፈቺው። ጎማው እየዞረ ከፍተሽ ካየሁሽ ግን ቁልፉን እወስዳለሁ፤ ተነጋግረናል» አለኝ።

መጀመሪያ አካባቢ ቃሌን ጠበቅኩ። ፌደራል ሲያስቆመኝ ቀይዋን ቁልፍ ተጭኜ፣ ፊቴን አሳይቼ፣ ሂጂ ስባል እዘጋለሁ። በኋላ መንገዱ ላይ የሚያስቆመው ሲበዛ፣ በየመቶ ሜትሩ ከመክፈት ብዬ ከፍቼው መንዳት ጀመርኩ። አባቴ ቡራዩ ነው፣ በየት በኩል ያየኛል?

እንደገና መንገድ ተዘጋ። የፋብሪካው መኪና ሱሉልታ መግባት አልቻለም፤ ከመዘጋቱ በፊት ለክቼ የተቀበልኩት ወተት ኮምጥጦ ተደፋ። በነጋታው በሞተር ሞክሪ አሉኝና ሄድኩ። ያው ግንድ፣ ያው ባለ ቀይ ሹራብ ልጅ። የሄልሜቱን አገጭ ከፍቼ ስለመጣሁ ከሩቅ አወቀኝ፤ ድንጋይ ያነሳ የለም።

«የእናትህ ወተት ትናንት ተደፋ» አልኩት፣ ሰላም ሳልለው። «ንጹህ ነበር፣ ራሴ ነኝ የለካሁት። መንገዱን ስለዘጋችሁት ነው መኪናው ያልመጣው።»

«አውቃለሁ። ተሸክሜ የደፋሁት እኔ ነኝ።»

«እና?»

ወደ ሜዳው አሳየኝ። ላሞች ይግጣሉ። «መሬቱ ከሄደ እነሱ የት ሊቆሙ ነው? ኮንዶሚኒየም ላይ?»

ለሁሉም ነገር መልስ አላጣም። ለዚህ አጣሁ። ፊቴ ክፍት ስለሆነ ማጣቴንም አየው።

ግንዱን ገፋልኝ። ሞተሬን አስነስቼ ልሄድ ስል የራሱን አገጭ በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«ዝጊው። ከመታጠፊያው በኋላ ኮረት ተበትኗል፣ ያንሸራትታል።»

«ማን በተነው?»

«እኛ ነና።»

አገጩን ቋ አድርጌ ዘጋሁትና ቀስ ብዬ ነዳሁ።