የእናቴ ቀና እጅ

ዝናብ የነካው ኩበት አልነድ ብሎ ሲጨስ ከሸተተኝ፣ ዛሬም ቢሆን የያዝኩትን ጥዬ ወደ ደጅ እወጣለሁ። ልጆቼ «እማ ደግሞ ጀመራት» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ እነሱ ምን አዩ!

ቤታችን ከማንኩሳ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ከሰው ቤት ራቅ ብሎ ነበር። አባቴ ቀጥቃጭ፣ እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩና አገሬው በአባቴ ማረሻ እያረሰ፣ በእናቴ ድስት እየበላ፣ «ቡዳ ናቸው» ብሎ ልጁን ከኛ ይሸሽግ ነበር። እናቴ ግን አንድ ኩራት ነበራት። በእጇ እየጠቀለለች የምታቆመውን እንስራ ውኃ እስከ አፉ ቢሞሉት፣ አፉ ዙሪያውን እኩል ነውና ቀድሞ በአንድ ወገን አይፈስም ነበር።

ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ፣ አንድ ሰኔ፣ «ለሽፍቶች ጠመንጃ ጠግነሃል» ብለው አባቴን ቡሬ ምሽግ ወስደው አሰሩት። ጠግኖ ነበር፤ ምን ይዋሻል!

ሐምሌ ላይ ከምሽጉ መልእክት መጣ። ጣልያኑ ሹም ከጃፓን አገር የመጡ ሁለት የአበባ ማስቀመጫዎች ነበሩትና አንዱ ካሚዮን ላይ ተሰብሮበት ሲናደድ፣ አባቴ ከእስረኞቹ መካከል ብድግ ብሎ «ሚስቴ ትሠራዋለች፤ የሷ እጅ አይስትም» አለ አሉ። እኔና እናቴ በጭቃው እየተንሸራተትን ሄድን። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነበር፤ በነጠላው አፍንጫውን ሸፍኖ ከሩቅ አናገራት።

«ቁርጥ ይህን የመሰለ ነው የሚሹ። ከሠራሽ ባልሽ ይፈታል፤ ሰምተሻል?»

ሹሙ ግን ሳይፈራ ያልተሰበረውን ዕቃ በእጇ አስያዛት። ቁመቱ ክንድ የማይሞላ፣ መልኩ አመድማ፣ ሆዱ ላይ የሠሪው አውራ ጣት አሻራ የቀረበት፣ አፉ ወደ አንድ ወገን የተዛነፈ ነበር። እናቴ በክር ለካችው፤ ከዚያ አሻራው ላይ የራሷን አውራ ጣት አሳረፈች። በኛ አገር ሸክላ የሴት ሥራ ነውና ሠሪዋ ሴት መሆኗን አልተጠራጠረችም፤ ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ስለሷ ታወራኝ ነበር።

«አይ እህቴን! ወይ ርቧት፣ ወይ ልጅ ታሞባት ነው እንጂ፣ እንዲህ ያለ እጅ አፍ አያዛንፍም። የሙያ እህቴን ጉድለት ደግሜ አደባባይ አላወጣባትም፤ አቃናላታለሁ» አለችኝ።

ክረምት ለሸክላ ጠላት ነው፤ ጭቃው አይደርቅም። እናቴ ምድጃ ዳር እያዟዟረች ታደርቀው ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ደጅ ዝናብ በነካው ኩበት ስትተኩሳቸው እሳት ውስጥ ተሰነጠቁ። ሦስተኛው መስከረም ሲጠባ ደህና ወጣ፤ በጣቷ ስትመታው ጥርት ብሎ ጮኸ። ውኃ ሞላችው፤ በየትም ወገን አልፈሰሰም። እኔ እልል አልኩ፣ እሷም ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ቡሬ ላይ ሹሙ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኸ አይደለም ይላሉ» አለ አስተርጓሚው። «የሳቸው ጠማማ ነው፤ ያንቺ ቀና።»

«ጌታዬ፣ አቃንቼው እኮ ነው!»

«ማን አቅኚ አለሽ? ሂጂና ጠማማውን ሥሪ!»

ስንወጣ አባቴ ከሽቦው ማዶ ቆሞ «እንዴት ሆነ?» ብሎ ጮኸ። እናቴ ዕቃውን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

ጥቅምትን ሙሉ ጠማማ ለመሥራት ስትታገል ከረመች። ቀላል ይመስላል አይደል? አፉን አዛንፋ ተወችው ስል፣ እጇ ሳታዝዘው ተመልሶ ያቃናው ነበር። በግድ የጠመመው ደግሞ በሬ የረገጠው እንጂ ያንን አይመስልም። አንድ ቀን ጭቃውን ግድግዳ ላይ ወርውራ «ይህን እጄን ቁረጡልኝ!» ብላ አለቀሰች። እኔ ምን አባቴ ላድርግ፤ አጠገቧ ቆሜ አብሬያት አለቀስኩ።

ኅዳር ላይ አንድ ያንን የሚመስል ተሳካላትና ይዘን ሄድን። እስረኞቹን ግን ከሳምንት በፊት በካሚዮን ጭነው ወስደዋቸዋል፤ ወዴት እንደሆነ ዘበኛውም አላወቀም። አባቴን ከዚያ ወዲህ አላየነውም። እናቴ ጠማማውን እዚያው በር ላይ አስቀምጣው ተመለሰች፤ እስክትሞትም «መጀመሪያውኑ እንዳለ በሠራሁት ኖሮ» ትል ነበር።

ቀናው አሁን እኔ ዘንድ ነው። የልጅ ልጄ በቀደም ከመጽሐፍ አንብባ «ጃፓኖች እኮ ሆን ብለው ነው የሚያዛንፉት፤ ውበቱ ነው» አለችኝ። ውበት! እናቴ ዕድሜ ልኳን ያዘነችላት ሴት ለካ አልተራበችም፣ ልጇም አልታመመባትም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን «መጽሐፉን ዝጊልኝ» አልኳት።

እኔም በእናቴ እግር ተተክቼ ይኸው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሸክላ እሠራለሁ። ፊት ለፊት ቡዳ የሚለኝ ቀርቷል፤ ክረምትም ቢሆን ማድረቂያ ቆርቆሮ ቤት አለኝ። እጄ ግን አርጅቶ ይንቀጠቀጣል። የማቆመው ሁሉ አፉ ይዛነፋል፣ ሆዱ ላይ አውራ ጣቴ ይቀራል፤ ላቅናው ብል እምቢ ይለኛል። እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ እያለቀሰች የለመነችው እጅ ይኸው መጣ፤ አሁን ለማን ልውሰደው?