ደንበኛ አይጠራም

የአባቴ የሀያቱ ነገር ያናድደኛል፤ ሞኝነቱን ከጨዋነቱ እስከ ዛሬ መለየት አቅቶኛል። አየር ጤና ያለው ሱቃችን የአያቴ ነበር። አያቴ ራዲዮ ይጠግን ነበር፤ አባባ ቴሌቪዥን ጨመረበት፤ እኔም ራህማ የብየዳ ካውያ ጭስ እያሸተትኩ አደግኩ። ሁለቱም አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ዕቃው ቢያልቅም ደንበኛ አይጠራም። መጥራት «ገንዘቤን አምጣ» ማለት ነው፣ ነውር ነው። ባለቤቱ እስኪመጣ ዕቃው አማና፣ አደራ ነው፣ አይሸጥም።

በዚህ ሕግ መደርደሪያው ሞልቶ ፈሰሰ። ሰው ሁሉ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ሲገዛ የድሮውን ማን ይፈልገዋል? ወንድሜ ኢብራር አንድ ቀን «ለቁራሌው እንስጠው» ቢል አባባ አኮረፈው።

ጋሽ ጌታሁን የአባባ የልብ ወዳጅ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ ጴንጤ ናቸው፤ አባባ ሶላት ሲሄድ ሱቁን የሚጠብቁለት እሳቸው ነበሩ። ቤቴል ሰፈር ልጃቸው ቤት ከገቡ በኋላም በታክሲ እየመጡ ሲያወጉ ይውላሉ። ባለፈው ክረምት ግን ራዲዮናቸውን ለጥገና ሰጥተው ቀሩ። አባባ በማግስቱ ሠራው።

«ደውልላቸው እንጂ» አልኩት።

«እጁ አጥሮት ይሆናል። ላሳፍረው?»

ተውኩት። ከእሱ ጋር ማን ይጨቃጨቃል?

ዘንድሮ ሱቁ ለመንገድ ሊፈርስ ነው ተባለ። አባባ ዕቃውን ሁሉ ለየባለቤቱ ካላደረስኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ያን ድንጋይ የሚያህል ቴሌቪዥን ታክሲ ላይ ጭነን ዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ስንንከራተት ሰው ሳቀብን። የጋሽ ጌታሁንን ራዲዮ ለመጨረሻ አቆየው፤ ተቀምጦ ሊያወጋ ነዋ።

ቤቴል በሩን የከፈቱልን ባለቤታቸው እትዬ ዘመነች ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል።

«መርዶውን ልከን ነበር እኮ፣ ጋሽ ሀያቱ። ሰምተው የቀሩ መስሎኝ ተቀየምኩዎት» አሉት።

ማንም አልነገረንም። ጋሽ ጌታሁን ለካ ታመው አልጋ ላይ ነው የከረሙት።

«በር በተንኳኳ ቁጥር ‹ሀያቱ ነው፣ ራዲዮኑን ይዞ መጣ› ይለኛል። ልደውልለት ስለው ‹ተይ፣ አታጣድፊው፤ ሲያልቅለት ይመጣል› አለኝ።»

አባባ ራዲዮኑን እንደታቀፈ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ንዴቴ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ፣ አንጀቴን በላው።

ሱቁ የፈረሰ ዕለት ጎረቤቶቹ አባባን ሊያጽናኑት መጡ። «አይዞዎት፣ አላህ የተሻለ ይሰጥዎታል፤ ሱቅ ይተካል» ይሉታል።

«ጌታሁን እኮ እየጠበቀኝ ሞተ» ይላቸዋል።