ልጆቹ ለምን እንደሚተኙ

መምህርት አፖንዲ ኬንያ ውስጥ፣ ኪሱሙ ከተማ አጠገብ ባለ የመምህራን ማሠልጠኛ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምረዋል። አሁን ጉልበታቸው ደረጃ አያስወጣቸውም። አምና ኦዴራ የሚባል ሠልጣኝ ለልምምድ ከተመደበበት የሐይቅ ዳር ትምህርት ቤት ተመልሶ፣ «ማዳም፣ ልጆቹ ሰነፎች ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ይተኛሉ» አላቸው።

መከራከር ሰልችቷቸዋል። «ነገ ሳይነጋ ሐይቁ ዳር እንገናኝ» ብቻ አሉት።

በማግስቱ ኦዴራ፣ በየቀኑ ከትምህርት በፊት እዚያ ከሚሠሩት ተማሪዎቹ ጋር ተሰልፎ የዓሣ መረብ ሲጎትት ነጋበት።

«ሳብ እንጂ መምህር! ጠመኔ መሰለህ እንዴ?» እያለ አንዱ ዓሣ አጥማጅ አሾፈበት።

መረቡ ወጥቶ ሲያልቅ የኦዴራ መዳፍ ተልጧል። ልጆቹ ግን ደብተራቸውን አንስተው ወደ ትምህርት ቤት እየሮጡ ነበር። መምህርቷ የተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ስለነበር ሄዶ አጠገባቸው ዘፍ አለ።

«ልጆቹ በዚህ እጅ እንዴት ነው የሚጽፉት?»

«እኔም አላውቅም ልጄ» አሉት። «በየዓመቱ አንዱ ሠልጣኝ ይጠይቀኛል። በል፣ ዛሬ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አታስጽፋቸው፤ ቆመው እያወሩ ይማሩ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።»

ኦዴራ ልጆቹን ተከትሎ ሄደ። እሳቸው ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞክረው፣ ትንሽ ልረፍ ብለው ተቀመጡ።