በስንት ቀን ይደርሳል?

የአንድ ሰው ዕድሜ ተቋጥሮ ቢመዘን ምን ያህል ይሆናል? ዘር ሻጯ እንዲህ ያለ ነገር አስባ አታውቅም ነበር፤ ያ ሽማግሌ ሱቋ መመላለስ እስኪጀምር ድረስ። የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ በሆስፒታል የቀጠሮ ካርድ ጀርባ ላይ የጓሮውን መደብ በእርሳስ ነድፎ ይመጣል። ካሮቱን ከጎመኑ ጎን ያደርግና ያጠፋዋል፤ ሰላጣውን ወደ አጥሩ ያስጠጋና መልሶ ያጠፋዋል። ላጲሱ ካርዱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

ሌላው ገዢ ስለ ጣዕሙና ስለ ተባዩ ሲጠይቅ፣ የእሱ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ካሮት በስንት ቀን ይደርሳል?»

«በዘጠና ቀን፣ አባባ። ምን አስቸኮለዎት? እንግዳ ጠርተዋል እንዴ?»

«እሱስ ይደርሳል፤ እኔ ነኝ የማልደርስበት።»

ሳቀች። ካርዱን ሲገለብጠው ግን የቀዶ ጥገናውን ቀን አየችና ሳቋ አፏ ላይ ቀረ።

የማታ ማታ በሃያ አምስት ቀን የሚደርሰውን፣ ራዲሽ የሚባለውን ትንሽ ቀይ ሥራ ሥር መረጠ። የዘሩን እሽግ ጆሮው ሥር ነቅነቅ አድርጎ አዳመጠው፤ ደረት ኪሱ ከተተው። ከበሩ ደፍ ላይ ቆመና ወረፋ ወደያዙት ዞረ።

«እሁድ እዘራዋለሁ፤ ሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ። ቤቴ ከዚህ ሦስተኛው በር ነው፣ አልቆልፈውም። እባካችሁ፣ እስክመለስ አንድ ሰው ጠዋት ጠዋት ውኃ ያጠጣልኝ።»

አንዱ አቀርቅሮ የራሱን ጫማ አየ። አንዷ የእሽግ ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች። ሻጯም «እግዜር ይማርዎት፣ አባባ» አለችና ቀጣዩን ጠራች።